ከአሥር አንዱ

ፋንጃይ፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1997

ይድረስ ለያንዴ ፋዬ፣

ፋዬ! ፋዬ! ፋዬ! ሦስት ጊዜ ጠራሁሽ። አንቺም ካለሽበት ሆነሽ «ሳር! ሳር!» በይኝና ሰላምታችን እንደ አገሩ ደንብ ይሙላ። ሰላም ነሽ ወይ? ቤትሽ ሰላም ነው ወይ? እኛ ጋ ሰላም ብቻ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ነው፣ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል፣ ባለቤቴ ምቢሲን ጉልበቷን ያማታል፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም ብቻ ነው።

በኦገስት የጻፍሽው ደብዳቤ ትናንት ደረሰኝ። «የማላውቅዎት የአያቴ ወንድም» ትያለሽ። ወንድም እንኳ አይደለሁም። አያትሽ ያሲን የእናቴ የታላቅ እኅት ልጅ ነበረች። ሩቅ ነው ብለሽ እንዳታስቢ፤ በእናት ወገን ቅርብና ሩቅ የሚባል የለም። አጎትሽ ነኝ፣ አለቀ። «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብለሽም ጠይቀሻል። ሦስት የፈጣሪ እንጨቶች አሉኝ፤ ሁሉም አግብተው እዚሁ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሰውን እንደ ዓሣ በቁጥር መጥራት እንደማንወድ እናትሽ ሳትነግርሽ አትቀርም።

ሥራሽ ከየባህሩ ዳርቻ የሚላከውን የወፍ ቁጥር ማንበብ መሆኑ አስቆኛል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ፓርክ ቆጥሬ ስልክ፣ የሚያነበው ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር። ባህር ውስጥ የምጥለው ነበር የሚመስለኝ።

ወፎቹ መምጣት ጀምረዋል። ሲመጡ ያያቸው ሰው የለም። ጠዋት በጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ድምፃቸው ይሰማል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ጭቃው ላይ ቆመው ታገኛቸዋለሽ። ረጅም ምንቃር ያላቸውን «ጭቃ ወጊ» እንላቸዋለን። ከስተው ነው የሚመጡት፤ ክንፋቸውን መሰብሰብ እንኳ ይከብዳቸዋል። ትንንሾቹ ሯጮች ደግሞ ማዕበሉን እስከ ጫፉ ያባርሩታል፣ ማዕበሉም ዞሮ ያባርራቸዋል፣ ቀኑ እንዲህ ያልፋል። እኔ የዛጎሉ ክምር ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ባህሩ ሲሞላ የምትንሳፈፈው ከፊቴ ያለችው የወፎቹ ደሴት ትሁን እኔ አላውቅም።

አጠገቤ ዲያታ አለ። የፓርኩ ጀልባ ነጂ ነው፣ ከደቡብ የመጣ ጆላ። እኛ ሴሬሮችና ጆላዎች ብንሰዳደብም ብንቀማማም የማንቀያየም የቀልድ ዘመድ መሆናችንን ከተማ ብታድጊም አትረሺውም መቼም። በበዓል ቀን ቤቴ ገብቶ የበጉን ጭንቅላት አንሥቶ ይሄዳል፣ እኔም ትንፍሽ አልልም። ይህን ስጽፍ በትከሻዬ ላይ እያየ «አጎትሽ የእኔ አሽከር ነው ብለህ ጻፍላት» ይለኛል። ሩዝ በሊታ!

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላለኝም። ባለፈው ወር የማላውቃቸው ሰዎች መጥተው የወፎቹ ደሴት ላይ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። አሸዋ ጫኞች ናቸው ይባላል። «የፓርክ መሬት ነው» ብላቸው «እስቲ እናያለን» አሉኝ።

እንዲያው ካላስቸገርኩሽ፣ እዚያ ጥሩ ቦቲ ይገኛል አሉ። ቁጥሬ አርባ ሦስት ነው። የእኔው አፉን ከፍቶ ውኃ ይጠጣል።

አላህ ክፉ አያሳይሽ።

አጎትሽ ላቲር ሳር


ሆላንድ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ላቲር፣

ሳር! ሳር! ሳር! ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ጮክ ብዬ ብያለሁ። ጎረቤቴ ግድግዳውን መታችው። እናቴ ከሞተች ወዲህ በአባቶቼ ስም የጠራኝ ሰው አልነበረምና ደብዳቤዎን ሳነብ አልቅሻለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የእትዬ ምቢሲንንም ጉልበት ይማርልኝ። ለአቶ ዲያታ ደግሞ «ሩዝህን ብላና ዝም በል ብላሃለች» ይበሉልኝ።

ቦቲውን ልኬያለሁ፣ አርባ ሦስት።

እዚህ ያለው ባህር ግራጫ ነው። ሲሸሽ እስከ ሰማዩ ጥግ ድረስ ጭቃ ብቻ ይቀራል፤ በእግሬ ስሄድበት የምረግጠው ደመናውን ይመስለኛል። ጭቃ ወጊዎቹ ከዚህ ከሄዱ ቆዩ። እርስዎ ጋ ከስተው የሚደርሱት ከእኛ ወፍረው የሄዱት ናቸው።

ስለ ችካሉ የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ሳልነግርዎት መቅረት አልችልም። ጥበቃ የሚደረግላቸው ዳርቻዎች መዝገብ አለ። በመዝገቡ ለመቆየት ፋንጃይ በጃንዋሪ ቆጠራ አርባ ሺህ ወፍ ማሳየት አለባት። ሦስት ዓመት በተከታታይ ከዚያ ካነሰች ትሰረዛለች። ያን ጊዜ አሸዋ ጫኞቹን የሚከለክል ሕግ አይኖርም። አምና ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ላኩልን። ዘንድሮ ሠላሳ ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ። የሚመጣው ጃንዋሪ ሦስተኛው ነው።

አጎቴ፣ አይቆጡኝ። የሠላሳ ዓመት ቁጥሮችዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳይ ዋልኩ። ከአንድ ዓመት በቀር ሁሉም በዘጠኝ ይካፈላሉ። ይብራዎቹ ሃያ ሰባት፣ ፍላሚንጎዎቹ አራት መቶ ሃምሳ። አሥር ይብራ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም! ወፍ በዘጠኝ በዘጠኝ አይሰለፍም። መጀመሪያ ይቅር ይበሉኝና ከራስዎ ፈጥረው የሚጽፉ መሰለኝ። ከዚያ «የፈጣሪ እንጨት» ያሉኝ ትዝ አለኝ፤ እናቴም ስለ እኔ ስትጠየቅ እንዲሁ ነበር የምትለው። ከየአሥሩ አንዱን ሳይቆጥሩ ይተዋሉ፤ አይደለም? የተዉትን ብመልሰው ፋንጃይ አንድም ዓመት ከአርባ ሺህ አላነሰችም።

እባክዎ በጃንዋሪ ሁሉንም ይቁጠሩ። እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ የ1981 ቁጥር በዘጠኝ አይካፈልም፣ አርባ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድስት ይላል። ያን ዓመት ያደረጉትን አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ።

አክባሪዎ ያንዴ


ፋንጃይ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1997

ይድረስ ለያንዴ ፋዬ፣

ፋዬ። ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ሰላም ነን።

ቦቲው ደርሷል። ልክ ነው። አመሰግናለሁ።

ደረቁ ነፋስ ገብቷል። ከበረሃ አቧራ ይዞ ይመጣና ፀሐይዋን ወተት ያስመስላታል። ይብራዎቹ እንዲህ ባለ ቀን አይበሩም፤ አሸዋው ላይ ተኮልኩለው ምንቃራቸውን ደረታቸው ላይ ይጥላሉ። ብዙ ናቸው።

ስለ ቁጥሩ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ።

ላቲር ሳር

ልጄ ያንዴ፣ እኔ ዲያታ ነኝ። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ ከፍቼ ነው የጻፍኩት፤ የአሽከሬ ደብዳቤ የእኔ ነው። ሰውየው የአንቺ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ምሳ በቅጡ አይበላም። የሱን ድርሻ ሁሉ እኔ እየበላሁ ወፈርኩ። ስለዚያ ዓመት አትጠይቂው።


ሆላንድ፣ ዲሴምበር 16 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ላቲር፣

ሳር! ሳር! ሳር! ምን እንዳደረግሁ አላወቅሁም፤ ግን እንዳስቀየምኩዎት ከደብዳቤዎ ማጠር ገብቶኛል። አፌን በቆረጠው። ስለዚያ ዓመት ዳግመኛ አልጠይቅም።

ስለ ደሴቷ ግን ዝም ብል ኋላ እርስዎ ራስዎ ይወቅሱኛል። የተተዉትን እዚህ ሆኜ ልደምር አስቤ ነበር። ስም ሳልጠራ አለቃዬን ጠየቅሁት። «ቆጣሪው በዓይኑ ያየውን፣ የጻፈውንና የፈረመበትን ብቻ ነው የምንቀበለው። እንዲህ ያለ ቆጣሪ ካለ ደግሞ ሠላሳውንም ዓመት ሰርዢው» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። የእርስዎን ዶሴ ከመደርደሪያው አንሥቼ ቤቴ ወስጄዋለሁ። ከተገኘብኝ ሥራዬን አጣለሁ፤ ይገኝብኝ።

ሌላ ሰው ቢቆጥርስ?

ዛሬ ሁሉም ነገር በረዶ ነው። ባህሩ ጠርዙ ላይ ጠጥሯል። አንዲት ጭቃ ወጊ ከጓደኞቿ ቀርታ በአንድ እግሯ ቆማ አየኋት፤ መሥሪያ ቤት ስገባም ስወጣም እዚያው ነበረች። ሄደሽ ተቀላቀያቸው፣ እዚያ ሙቀት አለ አልኳት፤ በሴሬር ቋንቋ ነው ያልኳት፣ ሌላው የሚገባት አልመሰለኝም።

ያንዴ


ፋንጃይ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለያንዴ፣

ፋዬ! ፋዬ! ፋዬ! አላስቀየምሽኝም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ ቁስሌን የነካሽው ዘመድ ሆነሽ ስለቀረብሽኝ ነው። የሆዴን በሆዴ ይዤ አሥራ ሰባት ዓመት ኖርኩ። አሁን ልንገርሽ።

መቁጠር ያስተማረኝ አባቴ ነው። ዓሣም ሲያካፍል፣ ከብትም ሲያስገባ ከአሥር አንዱን በዓይኑ ያልፈዋል። «ሁሉን ቆጥረህ አትጨርስ፤ ለሰጪው የሚሆን ይቅር» ይል ነበር። እኔም ዛጎል ይዤ እቀመጣለሁ። አሥር ወፍ ሳይ አንድ ዛጎል ቅሉ ውስጥ እጥላለሁ፣ አንድ ዛጎል ዘጠኝ ብዬ እጽፋለሁ። አሥር ካልሞሉ እስኪሞሉ እጠብቃለሁ። ለዚህ ነው አሥር ይብራ አይተሽ የማታውቂው።

በ1981 አዲስ አለቃ ነበረን፤ ወጣት ነው፣ ጫማው ያበራል። አጠገቤ ቆሞ «ምነው አንዱን ትዘላለህ?» አለኝ። ነገርኩት። ሰው ፊት ሳቀብኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፤ ሄጄ አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳልተው ቆጠርኩለት። እጄን ጨበጠኝ። ደስ አለኝ፤ ውሸት አልናገርም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቆጠራው ካለቀ በአሥራ አንደኛው ቀን ትልቁ ልጄ ጆኬል ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ታንኳዋ ተገልብጣ ተመለሰች። ባህሩ ሦስቱን ልጆች አንድ በአንድ ዳር ላይ አወጣልን፤ አጥበን ቀበርናቸው። ጆኬልን አላወጣም። ዘጠኝ ቀን ውኃ ውስጥ የሚቆሙትን የማንግሮቭ ዛፎች ሥር ሁሉ ፈለግን። አራት ሆነው ሄደው ሦስቱን መለሰና አንዱን አስቀረ። እኔ ያልተውኩለትን ራሱ ወሰደ።

አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ «ማዕበል ነው» ትያለሽ። እኔም ለሰው ማዕበል ነው እላለሁ። መቃብር የለውም፣ ስለዚህ ሞተ አላልንም፤ አለም አንልም። ሲጠይቁኝ ሦስት እላለሁ። ስሙ በዚህ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። ምቢሲን አንድ ጊዜ ልትጠራው አፏን ከፍታ ዶሮ ማባረር ጀመረች።

ሌላ ሰው ይቁጠር ብለሻል። ወጣቶቹ ጥበቃዎች ሯጩን ከጭቃ ወጊ አይለዩም። እኔ ደግሞ የልጅ ልጆቼ ሁሉ በየቀኑ ባህር ላይ ናቸው። የትኛውን ላስይዝልሽ? ደሴቷን እወዳታለሁ። አሸዋዋ ሲታፈስ ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል። ግን ሁሉን አልቆጥርም።

አጎትሽ ላቲር


ሆላንድ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1998

አጎቴ፣

ሳር! ሳር! ሳር!

አይቁጠሩ። ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ወረቀት ብቻ ነበር ያየሁት። ደሴቷ ብትጠፋ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ማንም አይልም፣ ማንም ቢል እኔ አለሁ። እንደ አባትዎ ይቁጠሩ። ለእኔ የሚሆን ነገር መጻፍ ካማረዎት ስለ ጆኬል ይጻፉልኝ። ሲስቅ እንዴት ነበር? ወፍ ይወድ ነበር?

ልጅዎ ያንዴ


ፋንጃይ፣ ፌብሯሪ 2 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለያንዴ፣

ፋዬ! ፋዬ! ፋዬ! ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ነው። ይህንንም ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ።

ባህሩ የሚሞላባቸውን ሦስት ቀናት መረጥኩ። ውኃው ጭቃውን ሲሸፍን ወፉ ሁሉ ወደ ደሴቷ ይሰበሰባል፣ ያን ጊዜ ነው የሚቆጠረው። ነፋስ አልነበረም። ውኃውና ሰማዩ አንድ ቀለም ሆነው ፍላሚንጎዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር። እኔ የሩቅ ማያ መነጽሬን በሦስት እግሩ አቁሜ፣ የዛጎሉን ከረጢት በቀኝ ቅሉን በግራ አድርጌ ተቀመጥኩ። አሥር፣ ዛጎል። አሥር፣ ዛጎል። እንደ ሁልጊዜው። ቁጥሩ እንደማይሞላ እያወቅሁ፣ ደሴቷን እየተሰናበትኩ ነበር የምቆጥረው።

ጥቂት ቆይቼ ቅሉን ብዳስሰው ባዶ ነው። ዞር ብል ዲያታ ከኋላዬ ተቀምጦ ዛጎሎቼን ወደ ራሱ ቅል ይገለብጣል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየሰረቅኩህ ነው።»

«አንተ ሰው አብደሃል? ቆጠራዬን አበላሸህብኝ እኮ!»

«ዓይንህን ከወፉ አታንሣ፣ አሽከሬ። ለመሆኑ አንድ ዛጎል ስትጥል ስንት ትጽፋለህ?»

«ዘጠኝ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረውን ትቼዋለሁ። የኔ አይደለም።»

«እንግዲያው የወሰድኩት ያንተን አይደለም። ምን ያስጮህሃል?»

«ዲያታ፣ በዚህ ቀልድ የለም።»

«የበጉን ጭንቅላት ስወስድ አስፈቅጄህ አውቃለሁ? የሴሬር ቤት የተረፈ ሁሉ የጆላ ነው። የሴሬርና የጆላ እናቶች የሆኑት ሁለቱ እኅትማማቾች ታንኳቸው ባህር ላይ ለሁለት ተከፍላ ሲለያዩ የተስማሙት እንዲህ ነው። አንተ ዘጠኙን ቁጠር። የተውከውን እኔ ቆጥሬ እፈርምበታለሁ።»

መነጽሩን ለቀቅሁት። «የቆጠረ ሰው ይከፍላል፤ አይተሃል፣ አብረኸኝ ነበርክ» አልኩት።

ዲያታ በእጁ ሲያገላብጠው የነበረውን ዛጎል አስቀመጠ። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «ጆኬልን ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «በዚህች እጄ ሆዱን ደግፌ። ዘጠኙን ቀን ከጎንህ ሆኜ ጭቃውን በእጄ ዳብሻለሁ። ባህሩ ዕዳ ካለበት የኔም አለበት። ደግሞ ፈጣሪ ከሴሬር የተቀበለውን ጆላ ቢያነሣበት አይቆጣም። ሩዝን የፈጠረ እሱ ነው፣ ማን እንደሚበላው ያውቃል።»

እያለቀስኩ ሳቅሁ። መነጽሩ በእንባዬ ደበዘዘና መጥረግ ነበረብኝ። ከዚያ ወደ ወፎቹ ዞርኩ። እኔ እጥላለሁ፣ እሱ ያነሣል። በዚያች አንዲት ዛጎል ዘጠኙ የኔ፣ አንዱ የሱ ሆነ። አንዳንዴም ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ እያየ «ያቺን የተውካትን አየኋት፣ ቆንጆ ናት» ይላል። ሦስት ቀን እንዲህ ዋልን።

ዛጎሎቹ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሆኑ። ቅጹ ላይ የኔ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ ፈርሜበታለሁ። ከሥሩ የዲያታ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ እሱም ምላሱን አውጥቶ ፈርሟል። የድምሩን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እኔ አልደምረውም። አንቺ ደምሪው።

ቆጠራው ካለቀ ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። በየቀኑ ዳር ወርጄ ታንኳዎቹ ሲገቡ እቆም ነበር። ሁሉም ገብተዋል። ዲያታም አለ፤ ምሳ ሳይደርስ መጥቶ ተቀምጧል። ለዚህ ነው የዘገየሁት።

ጆኬል ወፍ አይወድም ነበር። «መረብ ያበላሻሉ» ይል ነበር። ሲስቅ ግን ትከሻው ነበር የሚስቀው፣ ድምፅ አልነበረውም።

አጎትሽ ላቲር


ሆላንድ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1998

ለምወድዎ አጎቴ፣

ሳር! ሳር! ሳር! ለአቶ ዲያታም ሰላምታ፤ ስማቸውን በወጉ ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ፤ ጎረቤቴ ለምዳኛለች።

ደመርኩት። አርባ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። እርሳስ ሳይሆን ቀለም ያለው ብዕር ይዤ ነው የጻፍኩት። አለቃዬ ቅጹን አገላብጦ አየውና «ለምን ሁለት ሰው ፈረመ?» አለኝ። «ሁለት ቆጣሪዎች ስለሆኑ። ሁለቱም አይተዋል፣ ጽፈዋል፣ ፈርመዋል» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ሆድ ይፍጀው። ዶሴዎን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ደብዳቤው ከዚህ ወጥቷል፤ ፋንጃይ በመዝገቡ ላይ ትቆያለች።

ዛሬ ጠዋት ጭጋግ ነበር። ድምፅ ሰማሁና ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። መጥተዋል። ጭቃው ሁሉ በነሱ ተሸፍኗል፤ ደረታቸው ቀልቷል፣ ከስተዋል። ልቆጥር ጀመርኩ፤ ሥራዬ ነዋ። አሥር ላይ ስደርስ ግን አንዷን በዓይኔ አለፍኳት። የትኛዋ እንደሆነች አላውቅም። ትከሻዋ እየሳቀ የነበረች ይመስለኛል።

ልጅዎ ያንዴ


ፋንጃይ፣ ጁን 20 ቀን 1998

ይድረስ ለልጄ ለያንዴ፣

ፋዬ! ፋዬ! ፋዬ! ሰላም ብቻ ነው። ደመናው ከሩቅ እየመጣ ነው፣ ገና አልዘነበም። ጣሪያው ተሠርቷል።

ደሴቷ አሁን «ብርቱካን ምንቃር» የምንላቸው የባህር ወፎች ናት። እንቁላላቸውን ባዶ አሸዋ ላይ ይጥላሉ፣ አንዱ ከአንዱ ምንቃር በሚደርስበት ርቀት፤ እግር መጣያ የለም። ጩኸታቸው ለሩቅ ሰው ዝናብ የጀመረ ይመስላል። ጫጩቶቹ እግር ሲያወጡ ሁሉም አንድ ላይ ተሰብስበው ወደ ውኃው ይወርዳሉ፤ እናት ከዚያ ሁሉ መሀል የራሷን በድምፁ ታውቀዋለች። ሠላሳ ዓመት አየሁት፣ አልጠገብኩትም።

ችካሎቹን ዲያታ ነቅሏቸዋል። «የሴሬር መሬት ላይ የተተከለ የኔ ነው» ብሎ ለዶሮዎቹ ቤት ሠራበት። ቀይ የዶሮ ቤት፣ ጉድ ነው! መንደሩ ሁሉ እየመጣ ያየዋል።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባለፈው ሐሙስ የጤና ጣቢያዋ ልጅ የወባ አጎበር ልታድል መጣች። ምሳ ላይ ነበርን። ለየልጁ ማደሪያ አንድ አንድ ነው የሚሰጠው። ደብተሯን ከፍታ «አባባ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?» አለችኝ።

«ሦስት የፈጣሪ እንጨቶች» አልኳት።

ልትጽፍ ስትል ዲያታ አፉን ሩዝ ሞልቶ «አራት» አላት።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ሦስት አይደል ያሉኝ?»

«እሱ ሁልጊዜ አንዱን ትቶ ነው የሚቆጥር። የተወውን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ካላመንሽ የፓርኩን ወረቀት ጠይቂ፣ ፊርማዬ አለበት።»

ምቢሲን ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጅቷ ወደ እኔ አየች። እኔም እንደ ልማዴ «ተዪው፣ ቀልደኛ ነው» ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ልጅቷ የሦስቱን ስም ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ «የአራተኛውስ?» አለች። ዲያታን አየሁት። ይህን አልሰረቀኝም፤ አቀርቅሮ ሩዙን በጣቱ ይሰበስባል።

«ጆኬል» አልኩ። «ጆኬል ሳር።»

«የት ነው የሚያድረው?»

«ባህር ላይ» አልኳት። «ዓሣ አጥማጅ» ብላ ጻፈች።

አራት አጎበር ሰጥታን ሄደች። ምቢሲን ሦስቱን ለልጆቹ አደለች። አራተኛውን ይዛ ጉልበቷን እየጎተተች የሱ ወደነበረችው ትንሿ ክፍል ገባች፤ አልጋው ላይ የነበረውን የመረብ ክምርና የማሽላ ከረጢት ወደ ውጭ አወጣች፣ አንሶላ አነጠፈች፣ አጎበሩን ከጣሪያው ወጋግራ ላይ አሰረችው። ስሙንም እየጠራች ነበር የምታስረው፤ ለሰው ሳይሆን ለራሷ፣ በቀስታ። አሁን በሩ ክፍት ነው የሚውለው። ከባህሩ ነፋስ ሲገባ አጎበሩ ይነፋና ይወርዳል።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ልጆቼን ጠይቀሽኝ ሦስት ብዬሽ ነበር። አርሚው።

አጎትሽ ላቲር ሳር